በተራ የያዝናት ሽጉጥ

አሮጌ ዕቃ ገዝታችሁ የምታውቁ ከሆነ አንድ ነገር አትስቱም፤ ሻጩ የሚሸጥላችሁ ዕቃውን ሳይሆን የዕቃውን የቀድሞ ባለቤት ነው። ፍሪጁ የአንድ ወንደላጤ ነበር፤ ወንደላጤው ደግሞ ምሳውንም እራቱንም ውጭ ነበር የሚበላው። አልጋው የአንዲት አሮጊት ነበር፤ አሮጊቷ ቀጭን ነበሩ፣ ሌሊቱንም በሶላት ስለሚያሳልፉት እምብዛም አልተኙበትም። ሞተር ብስክሌቱን አንድ መምህር ጁምዓ ጁምዓ ብቻ መስጊድ ይሄድበት ነበር። ሰካራም ነድቶታል፣ ስድስት ልጅ ዘሎበታል፣ ባልና ሚስት ተወራውረውበታል ተብሎ የተሸጠ ዕቃ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ጨዋ ሁሉ ዕቃውን የሚሸጥ፣ ባለጌ ሁሉ ደግሞ ዕቃውን እንደታቀፈ የሚሞት ነው የሚመስለው።

ካርቱም ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ዕቃው ብረት ከሆነ የእንግሊዝ መኮንን ዕቃ ነበር። የብረት አልጋ ብትሉ፣ ሚዛን ብትሉ፣ ቁልፉ የጠፋ ሣጥን ብትሉ ባለቤቱ አንድ እንግሊዝ ነው። በዚህ ከተማ ዐሥራ አንድ ዓመት ስኖር የእንግሊዝ መኮንን ነበር ተብሎ ያየሁትን ዕቃ ሳስበው፣ ሰዎቹ አገር ሊገዙ ሳይሆን ሱቅ ሊከፍቱ ነበር የመጡት ብዬ ደምድሜአለሁ።

አትሳቁ። እኛም የምንተላለፈው እንደዚሁ ነው። እኛ ስል ከወሎ መጥተን በሰው ቤት የምንሠራውን ማለቴ ነው። አንዲት ማዳም ሠራተኛዋን ለሌላዋ ስታስተላልፍ «ነዲፋ ናት» ትላለች፤ ንጹሕ ናት ማለቷ ነው። «አሚና ናት» ትላለች፤ እጇ የታመነ ነው ማለቷ ነው። «አንድ ቤት ብቻ ነው የሠራችው፣ ወላሂ ድምፅዋ አይሰማም» ብላ ታሳርገዋለች። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ እንዲህ ተብዬ ከቤት ወደ ቤት ሄጃለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ከበሩ ኋላ ቆሜ ስሰማ፣ እንዲህ ያለችውን ልጅ እኔም ብሆን እቀጥራታለሁ ብዬ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ስሜ ዘሀራ ነው፤ አገሬ ሐይቅ። ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ አርካዊት ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ነበርሁ። ማዳሜ አንዲት የሻይ ማንኪያ ጎደለች ብለው ፍራሼን የሚያገላብጡ ሴት ነበሩ። ያን ቀን ግን በአንድ ጥዋት ሻንጣቸውን ሸክፈው፣ ልጆቻቸውን መኪና ላይ ጭነው፣ የሳሎኑን፣ የጓዳውንና የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ባንድ ክር አስረው እጄ ላይ አኖሩት። «ዘሀራ፣ ቤቱን አደራ። በሳምንት እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። በማንኪያ ያላመኑኝ ሴት በቤት አመኑኝ። ሰው የሚታመነው ለካ ጥይት ሲጮኽ ነው።

ፓስፖርቴን ግን ሰጥተውኛል። ሐሜት አይሁንብኝ፣ ሰጥተውኛል። ወርቃቸውን ለመያዝ ካዝናቸውን ሲያራግፉ ከሥር የቀረው እሱ ብቻ ስለነበር ይሁን በደግነት ይሁን ግን አልምልም።

ሰዓዳ ይህ ዕድል አልገጠማትም። ሰዓዳ ከሐይቅ አብራኝ የወጣች፣ በመተማ በኩል አብራኝ የገባች፣ ከእኔ ቤት ሦስት መንገድ ተሻግራ የምትሠራ ባልንጀራዬ ናት። አገሯን ለቃ ስትወጣ ለእናቷ ትታት የመጣችው ልጇ ረሕማ ያኔ ዳዴ ትል ነበር፤ አሁን በስልክ «እማዬ፣ ድምፅሽ የሰው ድምፅ መሰለኝ» የምትል ልጃገረድ ሆናለች። ሰዓዳ ይቺን ልጅ ለማየት አገሯ መግባት ነበር የምትፈልገው፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም። የሰዓዳ ማዳም ግን ሲወጡ ከመቸኮላቸው የተነሣ ካዝናቸውን አልከፈቱም። ፓስፖርቷ ካዝናው ውስጥ፣ የካዝናው ቁልፍ ካይሮ ሆነ።

«ቁልፉን በሰው እንልክልሻለን» ይሏታል በስልክ። በየሳምንቱ ይሏታል። በዚያ ወራት ከካይሮ ወደ ካርቱም የሚመጣ ሰው ከየት ይገኛል? መንገዱ ሁሉ የሚወጣ እንጂ የሚገባ ሰው አላየም። ያለ ወረቀት ደግሞ አይወጣም። በየኬላው የታጠቁ አሉ፤ ወረቀት የሌላትን ሐበሻ ሰላይ ነሽ ብለው ከመኪና ያወርዷታል፤ ከወረደች በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። ስለዚህ ሰዓዳ ቁልፉን ትጠብቃለች፣ እኔ ሰዓዳን እጠብቃለሁ። አብረን ገብተናል፣ አብረን እንወጣለን ተባብለናል።

በሰፈሩ እንዲህ የሰው ቁልፍ ታቅፈን የቀረን አምስት ወሎዬዎች ነበርን። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው፣ የታጠቁት በየተራ እየመጡ ከየቤቱ ያሻቸውን ይጭናሉ። መጀመሪያ መኪና፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ አየር ማቀዝቀዣ። ዕቃው ሲያልቅ ዐይናቸው ወዴት እንደሚዞር ደግሞ ማንም አልነገረንም፤ ማንም እንዲነግረንም አላስፈለገንም።

ሽጉጥ እንግዛ ያለችው ሰዓዳ ናት።

ሻጩ ከሰዓዳ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ግቢ የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ዓም ኢድሪስ ነበሩ፤ ዓም አጎት ማለት ነው። ከአልጋቸው ሥር፣ ከአሮጌ ጆንያ ውስጥ አንዲት ስድስት ጎራሽ አወጡ። እጀታዋ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ጥይት የምትጎርስበት ተሽከርካሪ ብረት እንደ አሮጌ ጥርስ ይነቃነቃል። «የእንግሊዝ መኮንን ነበረች» አሉ። ይህን እኛው ልንነግራቸው እንችል ነበር። «ከእሱ በኋላ አንድ እጅ ብቻ ነው የያዛት፤ የእህቴ ባል። እሱም በሠርግ ብቻ ነው የተኮሳት።»

«ስንት ሠርግ ነው፣ ዓም ኢድሪስ?» አለች ሰዓዳ።

«ቤተሰባችን ሰፊ ነው፣ ልጄ» አሉ።

በአንድ ኬሻ ዱቄትና በእኔ ስልክ ወሰድናት። አራት ጥይት መረቁልን፤ አንደኛው ከዕድሜ ብዛት አረንጓዴ ሆኗል።

እንግዲህ ማሳደስ አለብን። ሳጃና ሰፈር ውስጥ ጀማል የሚባል የስፌት መኪና ጠጋኝ አለ። እናቱ የቦረና ሳይንት ሴት፣ አባቱ ሱዳናዊ፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው። አማርኛው እናቱ ስትቆጣው የሰማው ብቻ ስለሆነ ግማሹ ቁጣ ግማሹ ዐረብኛ ነው። ልብስ ሰፊው ሁሉ ከተማውን ለቆ ሲሄድ የስፌት መኪና የሚያመጣለት ሰው ጠፋ፤ በምትኩ ሽጉጥ መጣለት። ለእሱ ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ብረት ናቸው፣ ሁለቱም ሲጮኹ ነው የሚያተርፉት ይላል።

ከሰዓዳ ጋር በእግርም በረክሻም፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ እየተሽለኮለክን ወሰድንለት። ፈታታት፣ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋጋት፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ መስኪና ናት» አለ። «ልብ የላትም። የሚመታው ነገር፣ እዚህ ጋ፣ ሰባራ። ልብ እኔ አስገባለሁ፣ ከመኪና።»

ከአንድ የሞተ የስፌት መኪና ሞላ አወጣ፣ ብሎን አወጣ፣ ሞረደ፣ አስገባ። እስከ ቀትር ድረስ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ስትወጣ ግማሿ ሽጉጥ ግማሿ ልብስ ሰፊ ሆና ወጣች። በባዶው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረጋት፤ ተሽከርካሪዋ በየጠቅታው አንድ ቤት ትዞራለች። ከዚያ ጣቱን ቀሰረብን።

«ስሙኝ። ሞያ ላእ! ውሃ የለም። ውሃ ከገባ ኻላስ፣ ሞተች። በጨርቅ፣ በናሺፍ፣ በደረቅ፤ ከዚያ ዘይት፣ አንድ ነጥብ፣ ከኔ ዘይት፣ ከመኪናው። ለሰው ስትሰጡ ባዶዋን፣ ጥይት ለብቻው። ተማም?»

«ተማም» አልን።

እውነቱን ልንገራችሁ? አልሰማሁትም። አንድ የወፍጮ ቤት በር የመሰለ ጥቁር ዘይት የጠጣ ሸራ ለብሶ የተቀመጠ ሰው፣ ጽዳት ለእኔ ሊያስተምረኝ! ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ዕብነ በረድ ፊቴ እስኪታየኝ የወለወልሁ እኔ ነኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁለት፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲነግሩት በትህትና እንደሚነቀንቀው።

ልንወጣ ስንል ጀማል ሰዓዳን ጠራት። የካዝናውን ነገር እኔ ነበርሁ የነገርሁት። «ካዝናዋን እኔ እከፍታለሁ» አላት። «እዚያው እመጣለሁ፣ በመሰርሰሪያ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ። ፓስፖርት አንቺ ትወስጃለሽ፣ ሌላውን አንነካም።»

ሰዓዳ ክፉ ቃል እንደሰማች ሆነች። «የሰው ካዝና አሰብሬ ሌባ ልባል? ይህን ሁሉ ዓመት አሚና ስባል ኖሬ! ተወኝ ወንድሜ፣ ቁልፉ ይመጣል።»

እኔም ልክ ነሽ አልኋት። በመንገድ ላይ ሁሉ ልክ ነሽ ስላት ነበር። ሰው እንዴት ያለ ነገር ላይ ልክ ነሽ እንደሚል!

አምስት ሴት፣ አንዲት ሽጉጥ። ምን ይደረግ? የምናውቀውን አደረግን፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ ጣልን። ለእያንዳንዳችን ሳምንት ሳምንት ደረሰን። በዕድሜ የገፉት እትዬ ሐሊማ እንደ አገራችን ወግ ሳንመርቃት አትዞርም ብለው መዳፋችንን አስዘረጉን። ለአዲስ ቤት፣ ለአዲስ ላም፣ ለአዲስ ሙሽራ ዱዓ ይደረጋል፤ ለሽጉጥ ሲደረግ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። «ያረቢ» አሉ እትዬ ሐሊማ፣ «ሳትተኮስ አኑራት። ከያዛት እጅ ላይ እንዳለች አንድም ቀን አታስጩሃት።»

«አሚን» አልን አምስታችንም፤ ከልባችን ነበር።

ከቤት ወደ ቤት የምትዞረው በዓሙድ ነበር። ዓሙድ የሚሉት ሦስት ድርብ ያለው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚቀመጥ የምግብ ዕቃ ነው። ሽጉጧ ከታችኛው ድርብ፣ በመካከለኛው ሙላህ፣ ማለት የባሚያ ወጥ፣ ከላይ ቂስራ፣ የሱዳኖች ስስ እንጀራ። ጥይቶቹ በተሸካሚዋ ጉያ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ የቆመው ታጣቂ ሁልጊዜ ያስቆመናል። «ምንድን ነው ይሄ፣ ያ ሐበሺያ?» ይላል፤ አንቺ ሐበሻ ማለቱ ነው። «ሙላህ ነው፣ ለእህቴ» እንላለን። ክዳኑን ያነሣል፣ ሁለቱን ድርብ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ሲጠግብ ሦስተኛውን ማየት ይሰለቸዋል። ይህ ሰው ለሦስት ወር ያህል በእኛ ሙላህ ነው የኖረው። አንድ ቀን ለሰዓዳ «ጨው አሳንሳችሁበታል» አላት። ከዚያ ወዲህ ጨው ጨመርን።

እንግዲህ የሱዳን ባሚያ ምን ያህል እንደሚሞላለጭ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ተራ ለእኔ ደርሶ ዓሙዱን ስከፍተው ወጡ ከላይ ወደ ታች ወርዷል። ባሚያ የለበሰች ሽጉጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲህ ሆናማ እንዴት ለሰው አስተላልፋታለሁ? የሰው ዕቃ በወጥ ተነክሮ አይመለስም፤ ታጥቦ ነው የሚመለሰው። ይህን እናቴ ያስተማረችኝ ገና በልጅነቴ ነው፤ አንድ ጊዜ የጎረቤት ሳሕን ሳላጥብ መልሼ ያረፈብኝን ኩርኩም ዛሬም አልረሳውም።

ስለዚህ አጠብኋት። በፍል ውሃና በሳሙና ዘፈዘፍኋት፤ በማይደረስበት ጥጓ ሁሉ የጥርስ ብሩሽ አስገባሁ። ጣሪያ ላይ ፀሐይ አሰጣኋት። ስትደርቅ የማዳምን የብረት መጥበሻ እንዳይዝግ እንደማደርገው የሰሊጥ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጌ አሸኋት። የጀማል ዘይት ይሸታል፤ ከምግብ ጋር ለምትዞር ዕቃ አይሆንም አልሁ። ስጨርስ እንደ ሙሽራ ጉልበት አበራች። ለሰዓዳ ሳስረክባት ከፍ አድርጋ አየቻትና «ማሻአላህ! ነዲፋ!» አለችኝ። እንዴት እንደኮራሁ አልደብቃችሁም።

ሰዓዳ ከእኔ አታንስም፤ እሷም አጥባ አስተላለፈቻት። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋም አጠቧት። እትዬ ሐሊማ በሎሚ አሿት። በየሳምንቱ ባለተራዋ ካለፈችው በላይ ልታበራት ትፎካከር ጀመር፤ ሳሙናውም የሰሊጥ ዘይቱም አንዱ ባንዱ ላይ ገባ። ቦምብ በሚዘንብበት ከተማ አምስት ሴቶች ተሰብስበን ስለ አንዲት ሽጉጥ ንጽሕና የምንነጋገረውን ብትሰሙ ዕብድ ናቸው ትሉ ነበር። ዕብድ አልነበርንም። በእጃችን የቀረው የምናውቀው ነገር እሱ ብቻ ስለነበር ነው።

አንድ ቀን ሰዓዳ «ተሽከርካሪዋ ትንሽ ከበደችኝ» አለች።

«ጠንክራ ነው» አልኋት። «ስንገዛት አይደል እንዴ የምትነቃነቀው?» የላላ ነገር ሲጠብቅ እንደ ተጠገነ እንቆጥረው የለ። ተኩሶ ማየት ደግሞ አይታሰብም፤ ጥይቱ አራት ነው፣ ድምፁም የማይፈለገውን እንግዳ ይጠራል። አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኋት።

አብሽሪ ባልኋት በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ፒክአፕ ይዘው ሰዓዳ ግቢ ገቡ። ያን ሳምንት ተራው የሷ ነበር፤ ያስረከብኋትም እኔ ነበርሁ። የተፈጠረውን የነገሩኝ ዓም ኢድሪስ ናቸው፤ ከበራቸው ላይ ሆነው ሁሉንም አይተዋል።

ሰዎቹ ምንጣፉን ጫኑ፣ ጥግ ይዛ አየች። ፍሪጁን ጫኑ፣ እንዲያውም በሩን ከፈተችላቸው። ከዚያ ካዝናውን እየጎተቱ አወጡት። ያኔ ሰዓዳ ሮጣ ካዝናው ላይ ተቀመጠች። «ፓስፖርቴ ነው ያለው!» አለቻቸው። «ክፈቱትና ወርቁን ውሰዱ፣ ወላሂ ለማንም አልናገርም፤ ፓስፖርቴን ብቻ ስጡኝ። ልጄን ልይበት።» ሳቁ። አንደኛው «ተዋት፣ ያላ፣ ጫን» አለ። እጇን ይዘው ከካዝናው ላይ ሲያነሷት ከነጠላዋ ሥር ሽጉጧን አወጣች። ሁለቴ፣ ሦስቴ ምላጩን ሳበች አሉ ዓም ኢድሪስ፤ በሁለት እጇ። ጠቅ እንኳ አላለችም።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። የአህያ ባል ግን ቢያንስ ይራገጣል።

ሦስተኛው ሰው ከመኪናው ላይ ሆኖ ተኮሰባት። እሱም ደንግጦ ነበር አሉ ዓም ኢድሪስ፤ በዚያች በምታበራ ሽጉጥ ደንግጦ። ካዝናውን ጭነው ሄዱ፤ ሽጉጧንም ከእጇ ላይ አንሥተው ወሰዱ።

ስደርስ ትንፋሿ የለም። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቀበርናት፤ መቃብር ድረስ የሚያስኬድ መንገድ አልነበረም። ከመቀበሯ በፊት እኔና እትዬ ሐሊማ አጠብናት። እጆቿን፣ ጣቶቿን፣ በጣቶቿ መካከል የገባውን አጠብሁ፤ እጇ የሰሊጥ ዘይት ይሸት ነበር። እንደዚያ ቀን ማጠብ የጠላሁት ነገር የለም። ማጠብ ግን አውቅ ነበር፤ ደኅና አድርጌ አጠብኋት።

ማዳሟ ከካይሮ በሰዓዳ ስልክ ደወሉ። አለቀሱ፤ ዕንባቸው የውሸት ነው አልልም። «መስኪና ሰዓዳ! ነዲፋ ነበረች፣ አሚና ነበረች፣ ድምፅዋ አይሰማም» አሉ። ከዚያ «ካዝናውን ክፍት ነው የወሰዱት ወይስ ዝግ?» ብለው ጠየቁኝ። ዝግ ነው አልኋቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ለምን አልሐምዱሊላህ እንዳሉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለረሕማ የደወልሁላት እኔ ነኝ። እሱን አልጽፈውም።

ከእንግዲህ የምጠብቀው ሰው አልነበረኝም። ቁልፎቹን በክራቸው እንደታሰሩ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁና ወጣሁ። ወደ ገዳሪፍ የሚወስደኝን መኪና የሚያገናኘኝ ደላላ ሳጃና ስለነበር፣ መኪናው እስኪሞላ ጀማል ዘንድ ልቀመጥ ብዬ ገባሁ። የሰዓዳን ሞት ሰምቷል። ቀና ብሎ ግን አላየኝም። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሽጉጥ ተፈታትታ ተዘርግታለች። ፕላስተሯን ለየሁት። የስፌት መኪናውን ሞላ ለየሁት።

«አንድ ሰውዬ አመጣት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውጭ ሻይ እየጠጣ ነው። አትሠራም፣ ጠግን አለኝ።» ከዚያ በጠፍጣፋ ብረት ከሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ፍቆ አሳየኝ። ቡናማ፣ እንደ ሙጫ የደረቀ። የሰሊጥ ዘይትና ሳሙና። በመካከሉ ተጣብቃ አንዲት የባሚያ ፍሬ አለች። «ያ ዘሀራ፣ ሞያ ላእ አላልኩም? አላልኩም?»

«ብለሃል» አልሁት።

ምን ብዬ ልከራከር? ባናጥባት ኖሮ ትተኩስ ነበር፤ ብትተኩስ ምናልባት አንዱን ትጥል ነበር፤ ሁለቱ ግን ይቀሩ ነበር። ባንገዛት ኖሮ ካዝናውን ጭነው ይሄዱ ነበር፤ ሰዓዳ ታለቅስ ነበር፣ እኔም አብሬያት አለቅስ ነበር፣ ያለ ወረቀትም ቢሆን አንድ ቀን እንሞክረው ነበር። ካዝናውን ጀማል ቢከፍተው ኖሮ ደግሞ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ነዲፋዋ እኔ፣ አሚናዋ እሷ። ዕድሜአችንን ሙሉ የተመሰገንንባቸው ሁለት ነገሮች ተጋግዘው ገደሏት። እየዞርሁ የምደርሰው እዚሁ ላይ ነው፤ ከዚህ ወዲያ አላልፍም። የእትዬ ሐሊማም ዱዓ ደርሷል፤ ከያዛት እጅ ላይ እንዳለች አንድም ቀን አልጮኸችም። አላህን ከመለመን በፊት የሚለምኑትን ማወቅ ነው።

ጀማል ጠራረጋት፣ ከመኪናው ዘይት አንድ ነጥብ አደረገላት፣ ገጣጠማት። አልጠግንም እንዳይል የሰውዬው ትከሻ ላይ የተንጠለጠለው ረጅሙ መሣሪያ በበሩ በኩል ይታያል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረጋት።

ሰውዬው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ገባ። ከሦስቱ አንዱ አይመስለኝም፤ የተዘረፈ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ደስ ብሎት ተቀበላት፣ በኩታው ጫፍ ወለወላት፣ ከዚያ ወደ እኔና ወደ ሻንጣዬ ተመለከተ።

«መንገደኛ ነሽ? ብቻሽን?» አለኝ። «እንግዲያው ይቺ ያንቺ ናት። እያት እንዴት እንደምታበራ! ወላሂ፣ የአንዲት ሐበሺያ ነበረች። አንድ እጅ ብቻ ነው የያዛት፤ ነዲፋ ሴት። አንድ ቀንም ተኩሳባት አታውቅም።»

አንድ እጅ የምትለዋን ብንተዋት፣ አምስት ነበርንና፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ እውነት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር፤ ስቀብራት እንኳ ያልወጣልኝ ለቅሶ።

ሰውዬው ግራ ገባው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጎንበስ አለልኝ።

«ምን ያስለቅስሻል፣ ያ ሐበሺያ?» አለኝ። «ያላ፣ በዋጋው እንነጋገራለን።»